ከድሬ፣ ለጠፋሽው ጓደኛዬ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔም ቤተሰቡም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የቀረውን ሰላምታ ስንገናኝ እናካክሰዋለን። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውንም ክርክር ለጊዜው ተይው፤ እሱን ከጀመርነው ደብዳቤው እዚያው ላይ ያልቃል።

ድሬ እንደምታውቂያት ናት። አዲስ ነገር ቢኖር የእህቴ ልጅ ለትምህርት እኔ ጋ መግባቷ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፣ ቁመቷ ከእኔ በልጧል፣ ምላሷ ደግሞ አንቺን ነው የወጣው። ስልኳ ላይ ልብ ወለድ ታነባለች፤ በእንግሊዝኛ፣ ለወጣቶች የሚጻፈውን ዓይነት። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙቀት ሲዘጋ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈን፣ ቬንትሌተሩን ወደ እግራችን አዙረን፣ ወይ እሷ ያነበበችውን እኔ እቀጥላለሁ ወይ በፍላሽ የመጣ ፊልም እናያለን። ታዲያ ይህን ሁሉ የምነግረው ሰው አጣሁና ትዝ አልሽኝ።

«የልጆች መጽሐፍ!» ብለሽ አፍንጫሽን ስትነፊ ከዚህ ይታየኛል። ድሮም እንደዚያው ነበርሽ። እስቲ ታገሺኝ።

በአንጂ ቶማስ «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» ልጀምር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። ስታር የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት አለች፤ አብሮ አደጓን ካሊልን ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ ሲገድለው አጠገቡ ነበረች። መጽሐፉ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ የምትኖረው ጥቁሮች ሠፈር፣ የምትማረው ነጮች የሚበዙበት የግል ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱን በር ስታልፍ አነጋገሯ ይቀየራል። የሠፈሯ ቃል እንዳያመልጣት ትጠነቀቃለች፣ ብትናደድም ትውጠዋለች። ይህን የድሬ ልጅ ማስረዳት ያስፈልገዋል? ቀፊራ ላይ በኦሮምኛ ዋጋ ተከራክረን፣ ለጎረቤት በሶማሊኛ ሰላምታ ሰጥተን፣ ክፍል ገብተን በአማርኛ መልስ ስንመልስ ኖረናል። ግን እኛ ቋንቋ ስንቀያይር ደስ ይለን ነበር፤ የበለጥን ይመስለን ነበር። እሷ ስትቀያይር ፍርሃት አለባት። ይህን ልዩነት ያየሁት እሷን ካነበብኩ በኋላ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ስታር ወላጆቿ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ያስተማሯትን ታስታውሳለች፤ ፖሊስ ካስቆመሽ የሚልሽን አድርጊ፣ እጅሽ ይታይ፣ በድንገት አትንቀሳቀሺ። የእህቴ ልጅ ይህን ጮክ ብላ አነበበችልኝና፣ «አንቺንስ ምን አስተማሩሽ?» አለችኝ።

«በጊዜ ግቢ» አልኳት።

«በቃ? ሌላ የለም?» ብላ ሳቀችብኝ።

የ2018ቱን ፊልምም አየነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻ አካባቢ ታናሽ ወንድሟን ሽጉጥ ያስይዙታል። መጽሐፉ ላይ የለም፤ አያስፈልግምም ነበር። ተመልካቹ እስከዚያ ድረስ ያልገባው እንደሆነ ሕፃን ልጅ ሽጉጥ ቢይዝም አይገባው። ልጂቱ ግን አለቀሰችበት፤ «አንቺ ልብ የለሽም» ተብያለሁ።

«ሀንገር ጌምስ»ንም ጀምሬ ነበር። ካትኒስ ታናሽ እህቷን ተክታ ለሞት ውድድሩ የምትወጣበት ጊዜ ድረስ ትንፋሼን ይዤ አነበብኩ፤ ከሁለቱ ወንዶች ማንን ትመርጥ ይሆን የሚለው ጣጣ ሲመጣ ግን መጽሐፉን ለእህቴ ልጅ መለስኩላት። ለዚያስ ዕድሜዬ አልፏል።

ከፊልሞቹ አንቺ ማየት ያለብሽ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋ ምርጫው ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ እኔ ጋ ሲደርስ ወሬው አርጅቷል። ኤፍሬም እናቱ ሞታበት አባቱ ዘመድ ቤት አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። የቀረችው በጉ ቹኒ ብቻ ናት፤ አጎትየው ደግሞ ለበዓል ሊያርዳት ዓይኑን ጥሎባታል። ልጁ በእርሻ ሥራ ሰነፍ ነው፤ እጁ የሚቀናው ምድጃ ላይ ነው። «ወንድ ልጅ ወጥ ይሠራል?» እየተባለ ይሰደባል፣ እሱ ግን ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ ለመሳፈሪያው። ሳምቡሳው ሲመጣ የእህቴ ልጅ ፊልሙን አስቁማ ወጣች። ጥግ ላይ ከምትጠብሰው ሴትዮ ትኩሱን በጋዜጣ አስጠቅልላ መጣች፤ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ፍራሼ ላይ ደረሰ። የቀረውን በአንድ እጃችን እየበላን አየነው።

ፊልሙን የወደድኩት ልጁ አዳኝ ሲጠብቅ ስለማላየው ነው። ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፣ እጁ ግን አያርፍም። የኤልዛቤት ሌርድ «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ላይም ያው ነው፤ የአዲስ አበባ ጎዳና ልጆች ታሪክ ነው፣ 2003 የታተመ። ደሃው ማሞና ከሀብታም ቤት የጠፋው ዳኒ መቃብር ቦታ ይገናኛሉ፤ ዳኒ ለልመና እንኳ የማይሆን ሰው መሆኑ ሲታወቅ ታሪክ እየጻፈ ለሽያጭ ያቀርባል። ደራሲዋ አዲስ አበባ ኖራ አስተምራለች፤ ያም ያስታውቃል። መጨረሻው ግን ትንሽ በዛብኝ፤ ሁሉም ነገር በአንዴ ይስተካከላል።

አሁን ወደ ሐረርሽ ልምጣ። የጄሲካ በሽርን «ፋያ ዳዪ» አይተሻል? እናቷ ሜክሲኳዊት፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፤ ልጅነቷን ሐረር አሳልፋ በደርግ ዘመን ከቤተሰቧ ጋር የወጣች ናት። ተመልሳ ዓመታት ፈጅታ፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ፣ በጥቁርና ነጭ ቀረጸችው። 2021 ላይ ነው የወጣው። ስለ ጫት ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን አባታቸው ሲመረቅንና ምርቃናው ሲወርድ ሁለት ሰው ስለሚሆንባቸው፣ ባሕር አቋርጠው ስለመሄድ ስለሚያወሩ ልጆች ነው።

ሌሊት መጋዘን ውስጥ ጫት የሚያስሩትን እጆች አልረሳቸውም። ካሜራው ወደ ፊታቸው አይቸኩልም፤ ቅጠሉ ሲለይ፣ ሲደረደር፣ ሲታሰር እዚያው ይቆያል። እኛ ድሬ የምናውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ኢሱዙው ጡሩምባውን እየነፋ ሲከንፍ፣ የጫቱ ዙርባ ሲከፋፈል፣ በርጫው ሲደምቅ። ከኢሱዙው በፊት ስንት እንቅልፍ ያጣ እጅ እንዳለ ማን ያስባል? ገበሬውም ቢሆን ቡናውን ነቅሎ ጫት ቢተክል አይፈረድበትም፤ ቡና በዓመት አንዴ ነው፣ ጫት ውኃ ካገኘ ደጋግሞ ይለቀማል። ፊልሙ ይህን አይሰብክም፤ ደስ ያለኝም ለዚያ ነው።

ቅሬታ ግን አለኝ። ጭሱና ጥላው በጣም አምሯል፤ ቀልዱ ደግሞ አነሰኝ። አቦ፣ ሐረር ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይሰዳደቡና ሳይሳሳቁ የሚቀመጡት የት ነው? ፈረስ መጋላ ቆሞ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው እንኳ ሳይተርብ አይሄድም። ልጆቹ የሚሰደዱት ቢከፋቸው ነው፣ እሺ፤ ግን የሚሰደድ የሐረር ልጅ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይቀልዳል። አንቺ የጀጎል ልጅ ነሽና ፍረጂኝ። ያም ሆኖ በ2019 ከካሚላ ጊብ ልብ ወለድ ከተሠራው ፊልም ጋር አላወዳድረውም፤ እዚያ ሐረራችን ለአንዲት ፈረንጅ ልጅ ትዝታ ማስጌጫ ሆና ነው የምታልፈው። መጽሐፉ ይሻላል፤ ከተማዋ ውስጥ ቢያንስ ሰው ይኖርባታል።

ይህን ሁሉ ሳይና ሳነብ የሚቆጨኝ የእኛው መደርደሪያ ነው። እኛ ከአባባ ተስፋዬ ተረት ተነሥተን ዘለን «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነው ያረፍነው፤ መሃሉ ባዶ ነበር። በኋላ «ዴርቶጋዳ» ሲመጣ ልጆቹ የተሻሙበት ዝም ብሎ አይመስለኝም፤ ርቧቸው ነበር። ድሬን ያህል፣ ባቡር የወለዳት ከተማ፣ ባቡሩን እየተከተለ የሚሮጥ ልጅ ያለበት መጽሐፍ እኔ እጅ ገብቶ አያውቅም።

አንቺ ግን ጀምረሽ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል፣ በሒሳብ ደብተር ጀርባ፤ የባቡር ሠራተኛው ልጅና ኮንትሮባንድ የምታሻግረው አክስቱ። ፍተሻው ሲመጣ ጨርቁን ሁሉ ደራርባ ለብሳ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ ስትል አቁመሽዋል። ለእህቴ ልጅ እስከዚያ ድረስ አወራኋትና «ከዚያስ?» እያለች ነጋ ጠባ ትነዘንዘኛለች። ደብተሩ ካለ በስልክ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ። ከሌለ ቀጥዪው። ሥራ በዛብኝ እንዳትዪ፣ በቀን አንድ ገጽ ይበቃል። አስቀድሜ ልንገርሽ ግን፣ ልጂቱ ጨካኝ አንባቢ ናት፤ አክስትየው በሁለት ወንዶች መካከል ከተወዛወዘች አትምርሽም።

እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣ ከከዚራ