ለክራር ተማሪ ምን ዓይነት ቲዩነር ይገዛለት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በአንባብያን ገጻችሁ ላይ የአንዲት እናት ጥያቄ አንብቤ ነበር። ልጃቸው ክራር መማር ጀምሯል። አስተማሪው ቲዩነርና ሜትሮኖም ግዙለት ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ የቱን እንደሚገዙ ግራ ገብቷቸዋል። የእናንተ መልስ አጭር ነበር፤ ሞባይል ላይ በነፃ ይገኛል የሚል። መልሱ ስህተት የለበትም፤ ለክራር ተማሪ ግን አይበቃም። እኔ ክራርና መሰንቆ አስተምራለሁ። ይህን ጥያቄ ክረምት በመጣ ቁጥር ወላጆች ይጠይቁኛል። ለእኚያ እናትም ለሌሎችም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ የማውቀውን ጻፍኩ።

ለማያውቁት ላስረዳ። ቲዩነር አውታሩ ሲመታ ድምፁን ይሰማና ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን በመርፌ ያሳያል። ሜትሮኖም ምት ይቆጥራል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ፣ ኪስ የሚገባ ትንሽ ዕቃ አለ። ኮርግ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ቲኤም-60 አንዱ ነው፤ የሌሎች ኩባንያዎችም አሉ። ስሙን የጠራሁት ለምሳሌ ነው እንጂ ሌላውን አትግዙ ለማለት አይደለም። ስሙ ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ነው የሚታየው።

ሱቅ ገብታችሁ ቲዩነር ስትሉ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ የጊታር ቲዩነር ነው። አንዳንዱ ለጊታር ብቻ የተሠራ ነው። የሚያውቀው ስድስቱን የጊታር አውታሮች ነው፤ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። ክራርም ብዙውን ጊዜ ስድስት አውታር ስላለው ሻጩ ያው ነው ይላችኋል። ያው አይደለም። አምባሰል የተባለውን ቅኝት ከዶ ተነስታችሁ ስትቃኙ የምትፈልጉት ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ነው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ስድስተኛው አውታር የመጀመሪያው ዶ በላይኛው ኦክታቭ ነው፤ ያው ዶ ከፍ ብሎ ሲደገም ማለት ነው። ለጊታር ብቻ የተሠራው ዕቃ ላ ፍላት የሚባል ነገር አያውቅም። ልጁን ወደ ላ ወይም ወደ ሶል ይጎትተዋል። ልጁም አምባሰል እምቢ አለኝ ብሎ ክራሩን ያስቀምጣል። ስለዚህ ክሮማቲክ የሚል ይኑርበት። አሥራ ሁለቱንም ድምፆች የሚለይ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ቲዩነር ከፋብሪካ ሲወጣ መነሻው 440 ኸርዝ ነው። መካከለኛው ላ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ይህን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1955 መከረበት፤ በ1975 ደግሞ ደረጃ አድርጎ አወጣው። ለፒያኖና ለሳክስፎን ጥሩ ነው። ዋሽንት ግን እንዲህ አይደለም። የዋሽንት ድምፅ የሚወሰነው በሸምበቆው ርዝመትና ስፋት፣ በቀዳዳዎቹም ቦታ ነው። አንዴ ከተበሳ አለቀ፤ አይጠብቅም፣ አይላላም። ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊ በቦርሳው የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይዞ የሚዞረው። ክራርና ዋሽንት አብረው ሲጫወቱ መታዘዝ ያለበት ክራሩ ነው።

ታዲያ መነሻው የሚቀየር ቲዩነር ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ዋሽንት ነፊው ትንሽ ይንፋና ይሙቅለት፤ ዋሽንት ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላልና። ከዚያ አንዱን ድምፅ ረጅም አድርጎ ይያዘው። መርፌው ወደ ቀኝ ካለፈ መነሻውን ከ440 ወደ 441፣ ወደ 442 እያላችሁ ከፍ አድርጉ። ወደ ግራ ከቀረ ዝቅ አድርጉ። መርፌው መሀል ላይ ሲቆም እጃችሁን አንሱ። ክራሩን በዚያ ቃኙ። ሁለቱ አብረው ሲጀምሩ ልዩነቱን ሙዚቃ ያልተማረ ሰው እንኳ ይሰማዋል።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ በሉ። ብዙ ርካሽ ቲዩነሮች መነሻቸው የሚቀየረው ከ430 እስከ 450 ብቻ ነው። አይበቃም። ዋሽንቱ በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል፣ ልክ እኩሌታው ላይ ቢወድቅ መነሻው ወይ ወደ 453 መውጣት፣ ወይ ወደ 427 መውረድ አለበት። ከላይ ስሙን የጠራሁት ዕቃ ከ410 እስከ 480 ይሄዳል። በዚህ ውስጥ የማይገባ ዋሽንት የለም። ለድሮ ካሴቶችም ያው ነው። ቴፑ ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ዘፈኑ በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ዛሬ ልጆቻችን ዩቲዩብ ላይ የሚያገኟቸው ብዙዎቹ የክራር ሥራዎች ከእንዲህ ዓይነት ካሴት የተገለበጡ ናቸው። ልጁ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ልደርድር ሲል በ440 የተቃኘው ክራር አልገጥም ይለዋል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። መነሻውን ትንሽ ቢያንቀሳቅስ ይገጥምለታል።

ሞባይልን በተመለከተ ጥሩ ጥሩ አፕ አለ፤ አልክድም። እንዲያውም መነሻ የሚቀይሩም አሉ። ችግሩ ማይኩ ነው። የሞባይል ማይክ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰማል። ቴሌቪዥኑን፣ የጎረቤቱን ጄኔሬተር፣ የሚያለቅሰውን ሕፃን። ክፍል ውስጥ ሰባት ስምንት ልጆች አንድ ላይ ሲቃኙማ መርፌው እንደ ዝንብ ይዘላል። ለዚህ መፍትሔው የመቆንጠጫ ማይክ ነው። ሽቦው ከቲዩነሩ ይሰካል፤ መቆንጠጫው ክራሩ ቀንበር ላይ፣ አውታሮቹ በሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት ላይ ይያዛል። ከአየር የሚመጣውን ድምፅ ትቶ የእንጨቱን ንዝረት ይወስዳል። ጎረቤትህ ያለው ክራር ቢጮህም አይሰማውም። ስትገዙ የማይክ መሰኪያ ያለው መሆኑን እዩ። ማይኩ ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ አብራችሁ ግዙት። ደግሞ በአብዛኛው ቤት ሞባይሉ የእናት ወይም የአባት ነው። ልጁ ሊለማመድ ሲል እናት ስልክ ላይ ናት። በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ዕቃ ግን የልጁ የራሱ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም።

ሁለቱ በአንድ ዕቃ መሆናቸው ጥቅሙ የሚታየው መሰንቆ ላይ ነው። መሰንቆ አንድ አውታር ነው ያለው፤ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚነግር ምልክት የለውም። ተማሪዎቼን ሜትሮኖሙን 60 ላይ (በደቂቃ 60 ምት) አድርገው አንዱን ድምፅ ለአራት ምት እንዲስቡ አደርጋቸዋለሁ። ዓይናቸው መርፌው ላይ ነው። ጣታቸው ሲንሸራተት ወዲያው ያዩታል፤ ቀስቱ ሲሻክርም መርፌው ይንቀጠቀጣል። ይህ የሚሆነው ግን ቲዩነሩና ሜትሮኖሙ እኩል የሚሠሩ ከሆነ ነው። አንዳንዱ ዕቃ ሁለቱም አሉት፤ አንዱን ስትከፍት ሌላው ይዘጋል። እሱን አትግዙ። ሌላው ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነው። የሜትሮኖሙ ጩኸት ወደ ራሱ ማይክ ከገባ መርፌውን ያሳስተዋል። ምቱን በማዳመጫ ሲሰሙት ይህ ይቀራል፤ ቤተሰብም ያርፋል።

አሁን ወደ ምቱ ልምጣ። ተማሪ ሜትሮኖም ሲከፍት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ይቆጥርለታል። እሱም የእስክስታ ዘፈን ያስጀምራል። ከዚያ ይጋጫል። የእስክስታው ምት፣ ችክችካ፣ በኖታ ሲጻፍ 6/8 ነው። ሁለት ትልልቅ ምት አለው፤ እያንዳንዱም ለሦስት ይከፈላል። ስለዚህ ዕቃው አንዱን ምት ለሦስት የሚከፍል ምርጫ ይኑረው። የምለማመድበትን መንገድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ፍጥነቱን 80 ላይ አድርጋችሁ ሦስቱንም ክፍልፋይ እየሰማችሁ ደርድሩ። እጃችሁ ሲለምድ ክፍልፋዩን አጥፉና ትልቁን ምት ብቻ ተዉት። በመጨረሻ ፍጥነቱን ወደ 40 አውርዱት። አሁን በአንድ ባር፣ ማለትም በሁለቱ ትልልቅ ምት፣ አንዴ ብቻ ነው የሚመታው፤ መሀሉን የምትይዙት እናንተ ናችሁ። እዚህ የደረሰ ተማሪ ከከበሮ መቺ ጋር አይጣላም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እስክስታው እውነተኛ ፍጥነት የሚኬደው።

ሜትሮኖም የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ትዝታ እየተንጎራጎረ ሲሆን ዝጉት። በገና ሲደረደር ዝጉት። እዚያ ጊዜውን የሚይዘው ግጥሙና ትንፋሹ ነው።

ቀጥሎ የምለው አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼን ላያስደስት ይችላል። አንዳንድ ቦታ ተማሪው ስድስቱንም አውታር አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ድረስ እንዲቃኝ ይገደዳል። መብራቱ ካልበራ ተሳስተሃል ይባላል። ይህ ልክ አይደለም። ቲዩነሩ ኦክታቩን አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ከፍሎ ነው የሚለካው። እያንዳንዷ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ናት። ጆሮ ግን እኩል አይከፍልም። ትዝታ ሜጀርን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ስትቃኙ ዶንና ሚን አንድ ላይ ምቷቸው። ድምፁ መንቀጥቀጡን አቁሞ እስኪረጋ ድረስ ሚን በጆሮ አስተካክሉ። ከዚያ ቲዩነሩን ተመልከቱ። ሚ መርፌው ከሚለው ቦታ 14 ሴንት ያህል ዝቅ ብላ ታገኟታላችሁ። ሶል ደግሞ በ2 ሴንት ከፍ ትላለች፤ እሷ ብዙም አይታወቅም። አንቺሆዬ ላይማ ነገሩ ይሰፋል። ጆሮው የበሰለ ክራር ደርዳሪ አንቺሆዬን ሲቃኝ አጠገቡ ቲዩነር አስቀምጣችሁ እዩ፤ መርፌው በየአውታሩ መሀል ላይ አይቆምም። እሱ አልተሳሳተም። ቅኝቱ እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ቲዩነር ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። የመጀመሪያውን አውታር ይሰጣችኋል። ቀሪውን በጆሮ ቃኙ፤ ጀማሪ ከሆናችሁ ቃኝታችሁ ስትጨርሱ መርፌው ላይ ብዙ አለመራቃችሁን አረጋግጡ። ለዚህ ነው ድምፅ የሚያወጣ ቲዩነር ግዙ የምለው። ዶን ምረጡበት፤ ያለማቋረጥ ያሰማችኋል፤ እናንተ አውታሩን ወደሱ ታመጣላችሁ። አውታርም ያተርፋል። ብዙው ቲዩነር የሚያሳየው የድምፁን ስም ብቻ ነው፤ የላይኛው ዶ ይሁን የታችኛው አይነግርም። ልጁ የትኛው ኦክታቭ ላይ እንዳለ ሳያውቅ መርፌውን ብቻ እያየ ሲያጠብቅ አውታሩ ይበጠሳል። መጀመሪያ ድምፁን ሰምቶ ከተጠጋ አይበጠስም።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ሁለት ነገር ሞክሩ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉና የሞባይላችሁን ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ስድሳ መምታት አለበት። ቀጥሎ ሞባይል ላይ 440 ኸርዝ ድምፅ አስከፍቱና ቲዩነሩን አጠገቡ አድርጉት። ላ ብሎ መርፌው መሀል ላይ መቆም አለበት። ሻጩ ይህን አላስሞክርም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም አስልኩ፤ ስታስልኩ ግን ቲዩነር አምጣልኝ ብቻ አትበሉ። ክሮማቲክ፣ መነሻው ከ410 እስከ 480 የሚቀየር፣ ሜትሮኖሙ አብሮ የሚሠራ፣ የመቆንጠጫ ማይክ ያለው ብላችሁ ጻፉለት። አለበለዚያ የጊታር ይዞላችሁ ይመጣል።

የዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር ልለምን። የባህል መሣሪያ ለሚማሩ ልጆች በየጊዜው ትንሽ ቦታ ስጡ። ከዋሽንት ሠሪዎችና ከክራር ሠሪዎች ጋር ተነጋግራችሁ በምን ልኬት እንደሚሠሩ ብታስነግሯቸው እኛ አስተማሪዎች ቆርጠን ክፍላችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ጥያቄውን የላኩት እናትም ልጃቸው የያዘው ክራር በመጠምዘዣ የሚቃኝ ይሁን ወይም አውታሩ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ የተጠመጠመ መሆኑን ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። በጨርቅ ከሆነ ሲቃኙት ቶሎ ስለሚላላ፣ ቲዩነሩን ከመግዛታቸው በፊት እሱን ማስጠበቅ ይቀድማል።

ከአክብሮት ጋር፣
የክራርና የመሰንቆ አስተማሪ
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ