ለጓሮ አትክልት ቡድናችን አባላት፦ ስለ ውሃ አጠጣጥና ስለ ችግኝ አተካከል

ውድ አባላት፣

ችግኝ ሲጠወልግ ብዙ ጀማሪዎች ውሃ ያነሰው ይመስላቸዋል፤ እኛ የምናየው ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒውን ነው። ሥር ከውሃ በተጨማሪ አየርም ስለሚያስፈልገው፣ አፈሩ ዘወትር ጭቃ ሆኖ ከቆየ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁና አፈሩ ከጣታችሁ ጋር ተጣብቆ ከወጣ ለዛሬ ተዉት። ደርቆ ካገኛችሁት ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ፣ በማለዳ ቅጠሉን ሳይሆን ግርጌውን፣ ውሃው ጠልቆ እስኪሰርግ ድረስ ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲያድግ ይረዳዋል። በዕቃ የምትተክሉ ደግሞ ከታቹ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ።

ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ሰላጣና ቆስጣ ከፊል ጥላን ይችላሉ።

የቲማቲም ችግኝ ስታዛውሩ የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሳችሁ ግንዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ከተቀበረው ግንድ አዳዲስ ሥሮች ይወጣሉ። ይህን በሰላጣ ላይ እንዳትሞክሩት፤ እምብርቱ አፈር ከገባበት ይበሰብሳል። ፍግ የምትጨምሩም በሚገባ የበሰለ ይሁን፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላልና።