ኩባያውን ወደ ግራም ስለ መመለስ፣ ለእህቴ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ለልደትና ለክርስትና ኬክ እየጋገርሽ መሸጥ በመጀመርሽ እጅግ ደስ ብሎኛል። የላክሁልሽን አሠራር በቤታችን ኩባያ እየለካሽ ብትሠሪም ኬኩ እየደረቀ እንዳስቸገረሽ ስለ ጻፍሽልኝ ነገሩን በዝርዝር ላስረዳሽ።

እዚህ አገር «አንድ ኩባያ» ሲባል 237 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ የታወቀ መለኪያ ማለት ነው። የቤታችን ኩባያ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ዱቄቱና ስኳሩ አብረውት ያድጋሉ፤ በቁጥር የሚገባው እንቁላልና በማንኪያ የሚገባው ቤኪንግ ፓውደር ግን ባሉበት ይቀራሉ፤ ኬኩን የሚያደርቀው ይህ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ባዶውን ኩባያ ሚዛን ላይ አስቀምጠሽ ወደ ዜሮ ከመለስሽ በኋላ ውኃ ሙይበት፤ የውኃ አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ የምታነቢው ቁጥር ኩባያው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ይነግርሻል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ለውኃ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በዚያው የአሜሪካ ኩባያ ስኳር 200 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 227 ግራም፣ ዘይት 218 ግራም ገደማ፣ ማር ደግሞ 340 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ማባዣ አትፈልጊ፤ እያንዳንዱን ለየብቻው መዝግቢ።

ከሁሉም አስቸጋሪው ዱቄት ነው። በማንኪያ እያነሳሽ ቀስ ብለሽ ከሞላሽና አፉን በቢላ ካስተካከልሽ 120 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክረሽ ጠቅጥቀሽ ካወጣሽው ግን እስከ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። አሠራሩ የሚጠይቀው ሁለት ኩባያ ተኩል ስለሆነ ልዩነቱ 75 ግራም ይሆናል፤ ይህም አንድን ኬክ ለማበላሸት ከበቂ በላይ ነው። ዱቄቱ ከመለካቱ በፊት ይነፋ ወይስ ከተለካ በኋላ የሚለውም ክብደቱን ይለውጠዋል፤ ከመዘንሽው ግን መቼም ብትነፊው 300 ግራም ያው 300 ግራም ነው። አፉን አስተካክሎ የመለካትን ልማድ እዚህ አገር ያስፋፋችው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የቦስተን የምግብ ሥራ ትምህርት ቤትን ትመራ የነበረችው ፋኒ ፋርመር ናት፤ ሥራዋን አከብራለሁ፤ ሆኖም ለሽያጭ ለምትጋግር ሴት ከኩባያ ይልቅ ሚዛን ይሻላታል ብዬ አምናለሁ።

እንቁላልንም መዝኚው። እዚህ «ትልቅ» የሚባለው እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ያህል ነው፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ ስለሚያንስ፣ ሦስት ከተባልሽ 150 ግራም እስኪሞላ ጨምሪ። እርሾንና ቤኪንግ ፓውደርን ግን በተራ የወጥ ቤት ሚዛን አትመዝኚ፤ በአንድና በሁለት ግራም ላይ ስለሚሳሳት በማንኪያ መለካቱ ይሻላል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር መያዝ አለበት፤ ማንኪያሽን ከፋርማሲ በሚገዛ መርፌ አልባ ስሪንጅ ውኃ እየሞላሽ ፈትሺው።

አሁን ደግሞ እኔ የምለምንሽ አለ። የእማዬን ድፎ ዳቦ እዚህ መጋገር እፈልጋለሁ፤ እሷ ግን የምትለካው በጣሳ፣ በስኒና በእጇ ነው። እባክሽ ሥራዋን አታስቁሚያት፣ ግራምም አትጠይቂያት። ከመጀመሯ በፊት የዱቄቱን ዕቃ፣ የዘይቱን ጠርሙስና የጥቁር አዝሙዱን ብልቃጥ ከነይዘታቸው መዝኚ፤ ስትጨርስ እንደገና መዝኚና ልዩነቱን ጻፊ። ውኃውንም በማሰሮ ለክተሽ አቅርቢላትና የተረፈውን መዝኚ። በተለያዩ ቀናት ደጋግመሽ ብታደርጊው እጇ የት ላይ እንደሚረጋ ይታወቃል። ውጤቱን ከነቀኑ ላኪልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

አክባሪሽ እህትሽ