ኤሊ በዕቃዋ ልክ አታድግም

ክቡር አዘጋጅ፦

ቤት ውስጥ ስለሚያድጉ የውሃ ኤሊዎች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ፎቶውን ትቼዋለሁ። የየብስ ኤሊ ፎቶ ለጥፎ ስለ ውሃ ኤሊ ማውራት፣ የበግ ፎቶ አድርጎ ስለ ፍየል እንደ ማውራት ነው፤ ይለፍ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያለችዋን ዓረፍተ ነገር ግን አላልፋትም፦ «ኤሊ የምታድገው በተቀመጠችበት ዕቃ ልክ ስለሆነ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።»

ይህን ለዘጋቢያችሁ ማን እንደነገረው ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ባለ 20 ጋሎን አኳሪየም የሚሸጥ ሰው ነው።

እዚህ አሜሪካ በብዛት የምትሸጠው ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት፣ «ቀይ ጆሮ» የምትባለዋ ናት። ስትፈለፈል 3 ሴንቲሜትር ገደማ ናት። ወንዱ 20 ሴንቲሜትር አካባቢ ሲቆም ሴቷ ከ25 እስከ 30 ትደርሳለች፤ በደንብ ከተያዘች 30 ዓመት ትኖራለች። ቅርፊቷ ከአከርካሪዋና ከጎድን አጥንቷ ጋር አንድ የሆነ አጥንት እንጂ ከላይ የተደረበ ልብስ አይደለም። አጥንት ደግሞ የመስታወቱን ስፋት ለክቶ አይቆምም። በጠባብ ዕቃ ውስጥ ቀጭጨው የቀሩ ኤሊዎች አሉ፤ እውነት ነው። የቀጨጩት ግን ውሃቸው በሽንታቸው ስለተበከለ፣ ምግባቸው አንድ ዓይነት ስለሆነና ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር ስላላገኙ ነው። ያለዚያ ጨረር ሰውነታቸው ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም፤ ካልሲየም አጥንት ውስጥ አይገባም፤ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። ዘጋቢያችሁ «እድገቷን ከዕቃዋ ጋር አስማማች» ብሎ ያደነቀው ይህንን በሽታ ነው። የሕፃን እግር ጠባብ ጫማ ውስጥ ከርሞ ሲጣመም «ጫማውን ለመደ» የሚል ዘገባ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት እንጠብቃለን።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ኤሊ አሳዳጊዎች የምንሠራበት ልክ ለእያንዳንዱ ኢንች ቅርፊት 10 ጋሎን ውሃ ነው። 25 ሴንቲሜትር የደረሰች ኤሊ 10 ኢንች ናት፤ ስለዚህ 100 ጋሎን፣ ማለትም 380 ሊትር ያህል ትፈልጋለች። በብዛት የሚሸጠው ባለ 20 ጋሎን ረጅሙ አኳሪየም ርዝመቱ 76፣ ወርዱ 30 ሴንቲሜትር ነው። 28 ሴንቲሜትር የሆነች ኤሊ እዚያ ውስጥ ለመዞር ቅርፊቷን በመስታወቱ ላይ መፋቅ አለባት።

ቀጥሎ የዘገባው መፍትሔ ይመጣል፦ «ግቢ ውስጥ ኩሬ መቆፈር።» የማን ግቢ? ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖረው አንባቢያችሁ በረንዳው ላይ ይቆፍር? ኤሊ የሚያሳድግ አንድ ተከራይ እንኳ ሳትጠይቁ ስለ ኤሊ ቤት ጻፋችሁ። ያልጠየቃችሁትን እኔ ልንገራችሁ።

አፓርታማ ውስጥ የሚሆነው ለከብት ውሃ ማጠጫ ተብሎ በእርሻ ዕቃ መደብር የሚሸጠው የፕላስቲክ ገንዳ ነው። ባለ 100 ጋሎኑ 135 በ79 ሴንቲሜትር ግድም ሲሆን ከፍታው 64 ያህል ነው፤ በዚያ መጠን ካለው መስታወት በጣም ይረክሳል። አፉ ድረስ ከተሞላ ውሃው ብቻ 380 ኪሎ ይመዝናል። እዚህ አገር የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሠላው በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ፣ በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ተደርጎ ነው። ገንዳው የሚይዘው ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥምና ወለሉ እንጨት ከሆነ መሃል ሳሎን እንዳታቆሙት። ጭነት ከሚሸከም ግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ፣ ከወለሉ ሥር ያሉትን አግዳሚ እንጨቶች አቋርጦ እንዲተኛ አድርጉት፤ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙሉት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሕንፃውን አስተዳደር ጠይቁ። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ 42 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ይኖረዋል፤ ለመዋኘት ይበቃታል።

ፀሐይ መሞቂያዋን ገንዳው ውስጥ ካደረጋችሁት ከንፈሩን ተንጠላጥላ ትወጣለች፤ ከዚያ ቁምሳጥን ሥር ፍለጋ ነው። ስለዚህ ከገንዳው አፍ በላይ የሚቀመጥ የእንጨት ሣጥን ሠርታችሁ፣ ግድግዳውን ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ፣ ከውሃው ወደ ሣጥኑ የማያንሸራትት መወጣጫ ስጧት። ከላይ ሁለት አምፖል ያስፈልጋል፤ አንዱ ሙቀት ሰጥቶ ቦታውን 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚያደርስ፣ ሌላው ዩቪቢ። ዩቪቢው በመስታወት አያልፍም፤ «መስኮት አጠገብ ናት» የሚለው ምክንያት የማይሠራው ለዚህ ነው። አምፖሉ እየበራም ጨረሩ ያልቃል፤ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል።

ማጣሪያው ላይ አትሰስቱ። ለዓሣ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ለኤሊ አይሠራም፤ ውሃው 250 ሊትር ከሆነ ለ500 ወይም ለ750 ሊትር የተሠራውን ግዙ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ቆሻሻውን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ አለቅልቁት። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውሃ ቀይሩ። ውሃውን የምታወጡበትን ቱቦ በአፍ ስባችሁ አታስጀምሩ፤ የኤሊ ውሃ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለበት። ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች በታች የሆነ ኤሊዎችን መሸጥ እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የተከለከለውም ሕፃናት ወደ አፋቸው እያስገቧቸው ስለታመሙ ነው። የገንዳውን ዕቃ ወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አትጠቡ፤ የምትበሉበት ነው።

ለምግቧ ለብቻ ገበያ መውጣት አያስፈልግም፤ ለወጥ ከምትገዙት ጎመን ጥሬውን ቁረጡላት። ያደገች ኤሊ በብዛት ቅጠል ትበላለች፤ ከመደብር የሚገዛው የኤሊ እንክብል በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃታል።

ይህ ሁሉ ከአቅም በላይ ከሆነ ለሌላ ሰው መስጠት ነውር አይደለም። ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ተቀባይ ማኅበራት በዚህችው ዝርያ የተጨናነቁ ናቸው። ቅርፊቷን ከፊት እስከ ኋላ በቀጥታ ለኩ፤ የላዩንም የሆዷንም ፎቶ አንሱ፤ የፊት ጥፍሮቿ ረጃጅም ከሆኑ ወንድ ነው፣ ጻፉት። ቨርጂኒያ ይህን ዝርያ ከተከለከሉት ጋር ስለመዘገበችው ከሜሪላንድ የፖቶማክን ወንዝ አሻግራችሁ ለዘመድ ከመስጠታችሁ በፊት የግዛቱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ስታጓጉዟት ውሃ ውስጥ አታድርጓት፤ አየር የሚያስገባ ሣጥን ውስጥ እርጥብ ፎጣ አንጥፉላት።

የዘገባው መዝጊያ ግን «አለዚያም አቅራቢያ ወዳለ ሐይቅ መልቀቅ» ይላል። ጣናን እምቦጭ ሲወርረው ያልተቆጨ ሐበሻ አለ? እምቦጭስ ከደቡብ አሜሪካ ጣና የደረሰው በእግሩ ሄዶ ነው? የቀይ ጆሮ ኤሊ አገር የሚሲሲፒ ተፋሰስ ነው፤ የፖቶማክና የአናኮስቲያ ወንዞች አይደሉም። በዓለም ከከፉት 100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ እንዳትገባ ከልክሏታል። እዚህ ስትለቀቅ የአገሩን ኤሊዎች ፀሐይ ከሚሞቁበት ግንድ ገፍታ ትጥላለች፤ ከቤት የያዘችውንም በሽታ ይዛላቸው ትሄዳለች።

እርማት እንደምታወጡ ተስፋ አደርጋለሁ። ስታወጡም ያች ዓረፍተ ነገር በተጻፈችበት የፊደል መጠን፣ እዚያው ገጽ ላይ አድርጉት። በዕቃው ልክ አሳንሳችሁ ጥግ ላይ እንዳትወሽቁት።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ