ስለ እግርህና ስለ ክኒኑ

ጅማ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ግቢው ውስጥ የተሰጣው ቡና ደርቆ ተሰብስቧል፤ አክስትህም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ደብዳቤ መጻፌ በስልክ ስናገር «እሺ እማዬ» ብለህ ወሬውን ስለምታዞርብኝ ነው። የዛሬው ጉዳይ ግን በእሺታ የሚታለፍ አይደለም።

እህትህ ከአዳማ ተመልሳ በመሳቢያህ ውስጥ ያገኘችውን ነገረችኝ። አደራህን፣ አትቆጣት፤ የነገረችኝ እያለቀሰች ነው። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን ባዶ ማሸጊያዎች አይታለች። ሐኪሙ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ፍሬ፣ ለአሥር ቀን ብቻ ያዘዘልህን መድኃኒት ዛሬ በቀን እስከ 10 ፍሬ እንደምትውጥ፣ የምትገዛውም ማዘዣ ከማይጠይቅ ሰው እንደሆነ ከራስህ አፍ ሰምታለች። ባጃጁ ተገልብጦ እግርህ ብረት ከገባለት እኮ አራት ወር አልፎታል።

ገና ከመጀመሪያው ላስጠንቅቅህ፦ በራስህ እጅ አንዲት ፍሬ አትጨምር፤ ደንግጠህ ደግሞ በአንድ ቀን አታቋርጥ። ሱሰኛ ሆነሃል ብዬ ልከስህ አልተነሳሁም። ሕመምህ እውነት ነው። ለ28 ዓመት ነርሶችን ሳስተምር፣ ታማሚ አመመኝ ካለ አሞታል እያልኩ ነው የኖርኩት፤ በልጄ ላይ አልለውጠውም። ነገር ግን በሰውነትህ ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሳታውቅ ከሰውነትህ ጋር ስትታገል ማየት አልችልም።

አምስት ዓመት ሳይሞላህ ከከሰሉ ላይ ያለውን ጀበና ጨብጠህ የጮህክበትን ቀን ታስታውሳለህ፤ ጠባሳው ዛሬም ከአውራ ጣትህ ሥር አለ። እጅህ ከጀበናው የተላቀቀው ከመጮህህ በፊት ነበር። በቆዳህ ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች ቃጠሎውን በአከርካሪ ውስጥ ለሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ለህብለ ሰረሰር፣ ባደረሱ ጊዜ፣ ህብለ ሰረሰር የአንጎልን ውሳኔ ሳይጠብቅ ጡንቻውን አዘዘው። አንጎልህ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሰማውም ሁለት ጊዜ ነው። ቀድሞ የደረሰው ስለታሙ ውጋት ነበር፤ ይህን የሚያደርሱት ስስ የስብ ሽፋን ያላቸው ነርቮች ሲሆኑ መልእክታቸው በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛል። ጥዝጣዜው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እርሱን የሚያመጡት ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭን ነርቮች በሴኮንድ 2 ሜትር እንኳ እምብዛም አያልፉም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳህ ውጋቱ አልነበረም፤ ጥዝጣዜው ነበር። እህትህ እንደነገረችኝ ከሆነ አሁንም ማታ ማታ የሚያስቸግርህ እርሱ ነው።

ስትወድቅ «እኔን!» ብዬ ሮጬ ጉልበትህን ሳሽልህ የሚቀልህ በእናትነቴ ብቻ አልነበረም። ሮናልድ መልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1965 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ የሕመም መልእክት ህብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ባለ ቦታ ያልፋል፤ የመዳሰስንና የመታሸትን ስሜት የሚያደርሱት ወፋፍራም ነርቮች ደግሞ ያንን በር ያጠቡታል። በዝርዝሩ ላይ ብዙ ክርክር ቢነሳም የበሩ ሐሳብ እስከ ዛሬ ቆሟል። ስለዚህ ማታ ማታ፣ የእግርህን ጠባሳ ሳትነካ፣ ከበላዩና ከበታቹ ያለውን ሥጋ ቀስ አድርገህ እሽ። ይህን ከዛሬ ጀምር።

አጎትህ በ1970 ዓ.ም. በካራማራ ጭኑን በጥይት ተመትቶ እስከ ማታ መራመዱን፣ ደሙን ያየለትም ጓደኛው እንደነበር ሲያወራ ታጋነናለህ ብለን እንስቅበት ነበር። አላጋነነም። ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርድ ትእዛዝ አለ፤ በብርቱ ጭንቅ ጊዜ ያ ትእዛዝ በሩን ይዘጋዋል። የሚዘጋውም ሰውነታችን ራሱ በሚያመርታቸው፣ ከብርቱው ማስታገሻ ከሞርፊን ጋር አንድ ዓይነት ሥራ በሚሠሩ ንጥረ ነገሮች ነው። በነርቮቻችን ላይ ሞርፊንን የሚቀበሉ ተቀባዮች መኖራቸው በ1973 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ ሰው ከአበባ የተገኘ መድኃኒት የሚቀበል ተቀባይ ለምን በአንጎሉ ይዞ ይወለዳል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ፣ አንጎል ራሱ የሚሠራውን ኤንኬፋሊን የተባለ ንጥረ ነገር አገኙ። ይህን ለተማሪዎቼ በነገርኩ ቁጥር ልቤ ይሞላ ነበር። እግዚአብሔር ለሰው ማስታገሻውን በውስጡ አኑሮለታል።

ኦፒዮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ሞርፊንም ኮዴይንም ትራማዶልም፣ በዚሁ ተቀባይ ላይ ይቀመጣሉ። የተሰበረውን አጥንት አይነኩም። ህብለ ሰረሰር ላይ አንዱ ነርቭ ለሌላው የሚያቀብለውን መልእክት ያሳንሳሉ፤ አንጎል ውስጥ ደግሞ ሕመሙ እያለ ጭንቀቱን ይወስዳሉ። ብዙ ታማሚ «ሕመሙ አለ፣ ግን እንደ ሩቅ ድምፅ ሆነብኝ» ብሎኛል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ተቀባዩ ያለው በሕመም መንገድ ላይ ብቻ አይደለም። አንጀት ላይ አለ፤ ስለዚህ ሆድ ይደርቃል (ለእህትህ ስለ ሆድህ ያልነገርካት አፍረህ ይሆናል፤ ተልባ ጠጣ፣ ጎመን ብላ፣ ውኃ አብዛ)። ትንፋሽን በሚያዘው የአንጎል ግንድ ላይም አለ፤ ስለዚህ መጠኑ ሲበዛ ሰው በእንቅልፍ ላይ መተንፈስ ይረሳል።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። መድኃኒቱ ለሳምንታት ሲመላለስ የነርቭ ሕዋሳት ዝም ብለው አይቀመጡም። ተቀባዮቻቸውን ይቀንሳሉ፤ የታፈነውን ድምፅ ለማሰማት በውስጣቸው ያለውን ሥራ ከፍ ያደርጋሉ። ትናንት በአንድ ፍሬ ይበርድ የነበረው ዛሬ ሦስት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከደም ሲጎድል ደግሞ ያ ከፍ ያለው ሥራ ገደብ ያጣል፤ ያዛጋል፣ ያልባል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ቆዳ ይጠዘጥዛል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ መላ አጥንት ይቆረጥማል። ከሁሉ በላይ የሚቆረጥመው አስቀድሞ የተጎዳው ቦታ ነው። እህትህ «ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ያልበዋል፣ ያዛጋል፣ እግሬን እግሬን ይላል» ስትለኝ ገባኝ። ልጄ፣ በሁለት ሰዓት የሚመጣው ሕመም ከፊሉ የአጥንትህ ሳይሆን የክኒኑ ጉድለት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲያውም መድኃኒቱ ራሱ ነርቮቹን አስቆጥቶ ትንሹን ሕመም ትልቅ ያደርገዋል። በራስህ እጅ አትጨምር የምልህ ለዚህ ነው።

ይህን ስጽፍ አባትህ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

በ2006 ዓ.ም. ካንሰሩ ከፕሮስቴቱ ተነስቶ አከርካሪው ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ አንተ በወዲያኛው ክፍል ለአስረኛ ክፍል ፈተና ታጠና ነበር። ሌሊት ሲያቃስት እንደምትሰማው አውቅ ነበር፤ መጽሐፉን እያዞርክ ታነብ እንደነበርም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። የሞርፊኑ ክኒን ከአዲስ አበባ በስንት ደጅ ጥናት ነበር የመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የካንሰር ታማሚ ማስታገሻውን በአፉ፣ በሰዓቱ፣ ሕመሙ ተመልሶ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይውሰድ ይላል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በገዛ እጄ ጽፌ አስተምሬአለሁ። ነገሩ ወደ ቤቴ ሲገባ ግን ፈራሁ። ሱስ ይይዘዋል፣ ትንፋሹን ያቆምብኛል፣ ነገ ሲብስበት የሚሆነው ያልቅብኛል እያልኩ፣ በየ4 ሰዓቱ ስጪው የተባልኩትን 8 ሰዓት አቆየሁት። አንዳንዴም ግማሽ ፍሬ ቆርሼ ሰጠሁት። እርሱም በእኔ እውቀት ተማምኖ «አንቺ ይቆይ ካልሽ ይቆይ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ ቁም ሳጥኑን ሳጸዳ 19 ፍሬ ተርፎ አገኘሁ። ቆጠርኳቸው። ስንት ሌሊት እንደሚሆኑም አሰላሁ፤ ያንን ቁጥር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለአንተም አልነግርህም። ሊሞት ሳምንታት የቀሩት ሰው ሱስ ቢይዘው ምን ነበረበት? መጠኑ በጥንቃቄ፣ በሐኪም እየታየ ቢጨመርለት ትንፋሹን አይወስድበትም ነበር፤ አውቀው ነበር። እናም መድኃኒቱን ጠልቼ የምጽፍልህ አይምሰልህ። ልጄ ሆይ፣ እኔ መድኃኒትን በፍርሃት የነፈግሁ ሴት ነኝ፤ ፍርሃቴን ዛሬ በአንተ ላይ እንዳልደግመው ስለምጠነቀቅ ነው ምክንያቱን በዝርዝር የማስረዳህ።

ወደ ትራማዶል ልመለስ። ብዙ ሰው «ቀላሉ ነው» ይለዋል፤ አትመናቸው። ትራማዶል ብርቱ የሚሆነው ጉበት ሲለውጠው ነው። የሚለውጠው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29 ያህሉ ይህንን ኢንዛይም የሚያዘውን ዘረ መል ከሁለት በላይ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ፍሬ ሲውጥ ጉበቱ ፈጥኖ ወደ ብርቱው መልክ ይቀይርለታል፤ ጓደኛው ላይ ምንም ያላደረገ መጠን እርሱን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። አንተ ከእነዚያ ሁን አትሁን አናውቅም፤ አልተመረመርክም። ሁለተኛም፣ ትራማዶል እንደ ሞርፊን ብቻ አይሠራም፤ አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርኢፒነፍሪን የሚባሉትን የነርቭ መልእክት አቀባዮችም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ መጠኑ ሲያልፍ ሰውን ይጥላል፤ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል። ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ400 ሚሊግራም አያልፍም፤ የአንተ 50 ሚሊግራም ስለሆነ 8 ፍሬ ማለት ነው። አንተ 10 ላይ ነህ። ዛሬ ማታ ወደ 12 ብትሄድ የምፈራው ሱሱን አይደለም፤ ደረጃ ላይ ወድቀህ ጭንቅላትህ እንዳይመታ ነው የምፈራው።

በአንድ ቀን አታቋርጥ ያልኩህም ለዚሁ ነው። በድንገት ሲቆም ያ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣና ሰውን ከቀድሞው ወደ ባሰ መጠን ይመልሰዋል። ቀስ በቀስ፣ ሐኪም እያየው ሲቀነስ ነርቮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይመለሳሉ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

እስከምትመጣ ድረስ አረቄም ቢራም እንዳትቀምስ፤ አልኮልና ይህ መድኃኒት ተደርበው ትንፋሽን ይዘጋሉ። የእንቅልፍ ክኒንም ከማንም አትቀበል። ጫትም ይቅርብህ፤ እንቅልፍህን ይነጥቅሃል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሕመም ይበረታበታል። አብሮህ ለሚኖረው ልጅ ይህን አንብብለት፦ ጠርተውህ ካልነቃህ፣ ትንፋሽህ ከዘገየ፣ ከንፈርህ ከጠቆረ፣ የዓይንህ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ይነቃል ብሎ ሳይጠብቅ በፍጥነት ሆስፒታል ያድርስህ።

እግሩም ይታይ። አራት ወር ሙሉ ሕመሙን ስትሸፍነው፣ አጥንቱ በደንብ አልገጠመ እንደሆነ፣ ብሎኑ ላልቶ ወይም ውስጡ አመርቅዞ እንደሆነ ማን አየልህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ራጅ ያስፈልግሃል፤ የቀድሞውንም ራጅ ይዘህ ና። እዚህ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአጥንት ሐኪምም የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለ፤ መድኃኒት የመቀነሱን ሥራ ከሚያውቅ ሰው ጋር ለማገናኘት አንድ የድሮ ተማሪዬን አነጋግሬአለሁ። ማን እንደሆንክ ለሰፈር አይወራም።

እህትህ አርብ ትመጣልሃለች፤ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ አብራችሁ ትመጣላችሁ። ለአንተ ብቻ የሁለት ወንበር ትኬት ይቆረጥ፣ እግርህን የምትዘረጋበት። የቀረውን መድኃኒት አትጣለው፣ አትደብቀውም፤ ከነማሸጊያው ይዘህ ና፤ የመንገዱንም መጠን በሰዓቱ ውሰድ። አልጋህን ከደረጃው በታች ባለው ክፍል አንጥፌዋለሁ፣ አባትህ የነበረበት ሳይሆን በወዲያኛው፣ አንተ ታጠናበት በነበረው።

ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውልልኝና ዛሬ ስንት እንደወሰድክ ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ። አልቆጣህም። በነጋታውም ትነግረኛለህ፤ እኔ በደብተር እጽፈዋለሁ። እስከዚያው በራስህ እጅ አትጨምር፣ በአንድ ቀንም አታቋርጥ፣ የኔ ጌታ።

የምትወድህ እናትህ