የሲቪክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን እስከ የት ነው?

በመጨረሻው የወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ የምናመጣው አማርኛ እንዲማሩ ነው፤ የአሜሪካን መንግሥትማ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይማሩታል» የሚል ቅሬታ ቀርቦ ነበር። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የክበባችን ክርክሩም፣ ማስታወሻውም፣ ጭቅጭቁም በአማርኛ ነው። የዘንድሮው ርዕስ፣ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣንና ገደቡ፣ ለቤታችንም ሩቅ አይደለም። የዲቪ ወይም የስደተኝነት ጉዳይ ነክቶት የማያውቅ ቤተሰብ በዚህ ትምህርት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ሊቀመንበር በመምረጥና ደንብ በማጽደቅ አለቁ። ስለ እነሱ ብዙ የሚባል የለም።

ትምህርቱ የተጀመረው ከቬቶ፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱ ረቂቅ ሕግን ከመከልከል ሥልጣኑ ነው፤ በቀንና በድምፅ ስለሚቆጠር ልጅ ቶሎ ይይዘዋል። ረቂቅ ሕግ በሁለቱም የኮንግረስ (የሕግ አውጪው) ምክር ቤቶች አልፎ ለፕሬዚዳንቱ ሲቀርብ፣ እሑድ ሳይቆጠር 10 ቀን ይሰጠዋል። ከፈረመ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ካልተስማማ ምክንያቱን ጽፎ ረቂቁ ወደ ተነሣበት ምክር ቤት ይመልሳል። ዝም ካለና ኮንግረስ ሥራ ላይ ከሆነ ረቂቁ ያለ ፊርማው ሕግ ይሆናል። ቀኑ ሳያልቅ ኮንግረስ ተበትኖ መመለሻ ከጠፋ ግን እዚያው ይሞታል፤ የኪስ ቬቶ የሚባለው ይህ ነው። በግድግዳ ካላንደር ስንለማመድ ግማሹ ክፍል ተሳሳተ። ሰኞ የቀረበ ረቂቅ «በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ያበቃል» አሉ፤ እሑድን ቆጥረው ነው። ትክክለኛው መልስ ዓርብ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በድምፅ ስሌት ላይ ነበር። ቬቶን ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ልጆቹ ይህን ከተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች አስልተው 290 አሉ፤ የሚሰላው ግን ድምፅ ከሰጡት ነው። በ2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለድንበሩ አጥር ያወጁት ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ እንዲያበቃ ኮንግረስ ወሰነ፤ እሳቸውም ማርች 15 ቀን ውሳኔውን በቬቶ መለሱት። ማርች 26 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት 248 ለ181 ድምፅ ሰጠ። ከ429 ድምፅ 286 ያስፈልግ ስለነበር በ38 ጎደለ።

«አብዛኛው ተቃውሞት እንዴት ይጸናል?» ብለው የተናደዱ ነበሩ። መልሱ ወደ ኋላ ይወስዳል። የ1976ቱ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሲወጣ ኮንግረስ የአስቸኳይ ጊዜን ያለ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ ማስቆም ይችል ነበር። በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው አሠራር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ በ1985 ሕጉ ተሻሽሎ ፊርማ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ያወጀውን ለማንሣት፣ ራሱ ካልፈረመ በቀር፣ ሁለት ሦስተኛ ማግኘት ግድ ነው። ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ ክርክር ያስነሣው ይህ ነጥብ ነው፤ ያስነሣም ዘንድ ይገባዋል።

በምስለ ችሎት፣ ማለትም ልጆቹ እንደ ፍርድ ቤት ሆነው በሚከራከሩበት ልምምድ፣ የ1952ቱን የብረታብረት ፋብሪካዎች ክስ ተመለከትን። የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ኤፕሪል 8 ቀን ፋብሪካዎቹ በመንግሥት እጅ እንዲገቡ አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 2 ቀን በ6 ለ3 ድምፅ አልተቀበለውም። የዳኛ ሮበርት ጃክሰን መለኪያ ዛሬም ይሠራል፦ ኮንግረስ ሲፈቅድ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ይበረታል፣ ኮንግረስ ዝም ሲል ነገሩ አጠራጣሪ ነው፣ ኮንግረስ ሲቃወም ሥልጣኑ ከሁሉ ይዳከማል። ለትሩማን የቆመው ቡድን «ጦርነት ነው!» እያለ ጮኸ እንጂ፣ ኮንግረስ በ1947 የሠራተኛ ሕግ ሲያወጣ እንዲህ ያለውን የመውረስ ሥልጣን ለመስጠት እንዳልፈቀደ ሲጠየቅ መልስ አልነበረውም። ተረታ።

ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላው የዲቪ ዕለት ነው፤ ወላጆችም ከኋላ ቆመው አዳመጡ። በኤፕሪል 2020 በኮቪድ ወቅት የወጣው ፕሬዚዳንታዊ አዋጅ በቋሚ ነዋሪነት ወደ አገር የሚገቡትን ሲያግድ የዲቪ ዕድለኞችንም ጨመረ። ሥልጣኑ የተወሰደው ከ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018 በ5 ለ4 ድምፅ ሰፊ አድርጎ ተርጉሞት ነበር። ዲቪ ደግሞ፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ሴፕቴምበር 30 ካለፈ ያልተሰጠ ቪዛ ከንቱ ነው። ሴፕቴምበር 4 ቀን በዋሽንግተን የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት አዋጁን አልነካውም። ያለው ይህን ነው፦ አዋጁ የሚያግደው ወደ አገር መግባትን ነው፤ ባለሥልጣናቱ ቪዛ መመርመሩንና መስጠቱን እንዲያቆሙ አይፈቅድም፤ ስለዚህ የዓመቱን ዲቪ በፍጥነት አስተናግዱ። የቀረው ጊዜ ከአንድ ወር ያነሰ ስለነበር ቀኑ ያለፈባቸው ብዙ ናቸው። ፍርድ ቤት መፍረዱ አንድ ነገር ነው፣ በጊዜ መድረሱ ሌላ።

ልጆቹ ገደብ ብቻ እንዳይታያቸው በየዓመቱ የሚገቡትን ስደተኞች ቁጥር ጣሪያም አየን። በ1980ው ሕግ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስን ማማከር አለበት፤ ቁጥሩን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ለ2020 የበጀት ዓመት 18,000 የነበረው ለ2022 125,000 ሆነ።

ጉዞው መጀመሪያ የታሰበው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር፤ ቅዳሜ ዝግ ነው። በምትኩ በሜትሮ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄድን። መግቢያው ነጻ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አራቱም ገጾች እዚያ ይታያሉ። አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ፎቶ ማንሣት ስለማይቻል ልጆቹ ደብተር ይዘው ገቡ። ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ መስታወቱን ሳትነካ በስንዝር መለካት ጀመረች። የኮንግረስን አንቀጽ ለካች፣ የፕሬዚዳንቱን ለካች፣ ቀና አለችና «ለነሱ ይኼ ሁሉ፣ ለሱ ይቺ ብቻ?» አለች። አንቀጽ አንድ አሥር ክፍል፣ አንቀጽ ሁለት አራት ክፍል ነው። ከኋላዋ የቆመው ልጅ «ባጭሩ ስለተጻፈ እኮ ነው የፈለጉትን የሚሉበት» ብሎ መለሰላት። አልተቀበለችውም። ትሩማንን ጠቀሰችለት፤ እሱ የ2018ቱን ፍርድ ጠቀሰላት። ጠባቂው እንዲያልፉ እስኪነግራቸው ድረስ ሰልፉን አቁመው በአማርኛ ተከራከሩ። የስብሰባው ቅሬታ አቅራቢ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ያልተሳካም አለ። በበረዶ የተዘጉ ቅዳሜዎች ሁለተኛውን ምስለ ችሎት አሳጡን፤ ፕሮጀክተሩም ከክረምቱ አጋማሽ ወዲህ አይበራም። ለውዝዋዜ ክበብ አዲስ ልብስ መገዛቱ ደስ ብሎናል፤ እኛ ግን ሕገ መንግሥቱን የምናባዛው ልጆች ከየቤታቸው ባመጡት ወረቀት ነው።

ለመጪው ዓመት ሁለት ዕቅድ አለን። አንደኛው ኮንግረስ የመደበውን ገንዘብ ፕሬዚዳንቱ ሳያወጣ መያዝ ይችል እንደሆነ፣ ይህንኑ ከሚመለከተው የ1974ቱ ሕግ ተነሥተን ማጥናት ነው። ሁለተኛው ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወላጆችን ልጆቹ ራሳቸው እንዲያስጠኑ ነው፤ ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ፈተናው ከ128 ጥያቄዎች 20 ተጠይቆ 12 መመለስ ሆኗል። ለዚህ የሚያስፈልገን የፕሪንተር ቀለም፣ የሚሠራ ፕሮጀክተር፣ የሜትሮ ክፍያና ጉዞ ላይ አብረው የሚወጡ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። መርዳት የምትችሉ ስማችሁን ቢሮ ባለው መዝገብ ላይ አስፍሩልን።