ስፓኒሽ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ከ«ነበር» ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስፓኒሽ ሲሰጥ ኀላፊ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በፕሬቴሪቶ (እንደ «በላ» ያለቀን ድርጊት በሚገልጸው መልክ) ይጀመራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። «በላ» እና «ይበላ ነበር» ያላቸውን ልዩነት ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሁለተኛው በስፓኒሽ ኢምፔርፌክቶ የሚባለው መልክ ነው። አረባቡም ቀላል ነው፤ ፕሬቴሪቶ በአፈንጋጭ ግሶች ሲሞላ፣ እዚህ ከደንብ የሚወጡት ሴር (መሆን)፣ ኢር (መሄድ) እና ቤር (ማየት) ከነተወላጆቹ ብቻ ናቸው።

ከአብላር (መናገር) መጨረሻውን «አር» ቆርጠን (በእኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ ተራ) አብላባ፣ አብላባስ፣ አብላባ፣ አብላባሞስ፣ አብላባይስ፣ አብላባን እንላለን። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚጨርሱት አንድ ቅጥያ ይጋራሉ፤ ኮሜር (መብላት) ኮሚያ፣ ኮሚያስ፣ ኮሚያ፣ ኮሚያሞስ፣ ኮሚያይስ፣ ኮሚያን ይሆናል፤ ቢቢርም (መኖር) ቢቢያ ብሎ ይቀጥላል። ዶርሚር (መተኛት) በአሁን ጊዜ ዱኤርሞ ቢልም እዚህ ዶርሚያ ነው፤ «ዱኤርሚያ» የሚሉ ተማሪዎች የአሁኑን ለውጥ ይዘውት ስለሚመጡ ነው የሚሳሳቱት።

በጽሑፍ ላይ ሁለት ነገር ይረሳል። ኮሚያ በስድስቱም መልኩ «ኢ»ዋ ላይ ጭረት (ጠንክሮ የሚነገረውን ክፍል የሚያሳይ ምልክት) አለው፤ ለምሳሌ ኮሚያ ላይ ጭረቱ ከቀረ ጫናው ወደ «ኮ» ይሸሻል። ከአብላባ ወገን ግን ጭረት ያለው አብላባሞስ ብቻ ነው፤ እሱም «ብላ» ላይ። ሌላው፣ «ባ» የሚጻፈው በ«ቤ» (b) እንጂ በ«ኡቤ» (v) አይደለም፤ ሁለቱ ፊደላት በስፓኒሽ አንድ ድምፅ ስላላቸው ጆሮ አይለያቸውም።

ትልቁ ስህተት ግን «ነበር»ን ለብቻው መተርጎም ነው። «ይናገር ነበር» ለማለት «ኤራ አብላር» (ቃል በቃል «ነበር መናገር») ይሉና ሰሚው ግራ ይጋባል። አብላባ በአንድ ቃል «ነበር»ንም ይዟል። «እናገር ነበር» እና «ይናገር ነበር» ግን ሁለቱም አብላባ ስለሆኑ፣ ከንግግሩ ካልታወቀ «ዮ» (እኔ) ወይም «ኤል» (እሱ) ይጨመር።

«ነበር» ብቻውን ሲቆም ግን መመሪያነቱ ያበቃል። «ፈተናው ከባድ ነበር» ስንል፣ ያለቀን ፈተና ውጤቱን አይተን ከፈረድን ፉኤ (የሴር ፕሬቴሪቶ) ነው፤ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ያኔ የነበረውን ሁኔታ ለመግለጽ ከሆነ ኤራ (የሴር ኢምፔርፌክቶ) ነው። አማርኛው ይህን አይለይምና መምህሩ ሰፊ የልምምድ ጊዜ ለዚህ ይተውለት።

አንድ የስፓኒሽ መምህር